የማይታክተው ጫማ ሰፊ፤ የዊልያም ኬሪ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፥ ዘመን በተለወጠ ጊዜ በልብህ የምታስበውን አሳብ እስቲ አስታውስ። አንዱ በዚህ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ ይላል፤ ሁለተኛው መጠጥ እተዋለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ቋንቋ እማራለሁ፥ አራተኛውም ከተጣላሁት ወንድሜ ጋራ እታረቃለሁ ይላል። አሳቡ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የመስከረም አበባ ሳይረግፍ ብዙው አሳብ ይረግፋል፤ በጥቅምት ይላላል፥ በኅዳር ይረሳል፥ በሚመጣውም መስከረም እንደ አዲስ ይታሰባል። እንዲህም ሲሆን ሰው ብዙ ያሰበ፥ ጥቂት ግን የሠራ ሆኖ ዕድሜው ያልቃል።

ይህን ነገር እንደ ቀላል አትቍጠረው። ለራሱ የሰጠውን ቃል የማይጠብቅ ሰው፥ ለባልንጀራውና ለአምላኩ የሰጠውንም ቃል መጠበቅ ቀስ በቀስ ያቅተዋልና። አሳብን መጀመር የስሜት ሥራ ነው፤ አሳብን መፈጸም ግን የጠባይ ሥራ ነው። ጠባይም በአንድ ቀን አይሠራም። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ትእዛዝ ከመደርደር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ልንነግርህ ወደድን። ይህ ሰው ዊልያም ኬሪ ይባላል። እርሱ ራሱ በሸመገለ ጊዜ፥ ከሞትኩ በኋላ ታሪኬን የሚጽፍ ቢኖር፥ በዝግታ እየተራመደ የጀመረውን ሳይተው የሚሄድ ሰው ነበረ ከማለት በቀር ሌላ ምስጋና አይስጠኝ ብሎ ለወንድሙ ልጅ መናገሩ ይታወቃል። እኛም ቃሉን አክብረን ታሪኩን በዚሁ መንገድ እንጽፋለን። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኬሪ በ1761 ዓመት በእንግሊዝ አገር፥ በኖርዝሃምፕተንሻየር አውራጃ፥ ፖለርስፐሪ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበረ፤ ኋላም የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አበባና ቅጠል፥ ወፍና ትል እየሰበሰበ መመርመር ይወድ ነበር። ስለ ልጅነቱ እንዲህ ተብሎ ይተረካል፤ ከዛፍ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ብዙ ቀን ተኛ፤ ድኖም በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ያንኑ ዛፍ መውጣት ነበር። ቆዳው የፀሐይን ሙቀት የማይችል ስለ ሆነ የእርሻ ሥራ አልተስማማውም፤ በዚህም ምክንያት በጕርምስናው ጫማ መስፋት ይማር ዘንድ ለአንድ ጫማ ሰፊ ተሰጠ።

በዚያ የጫማ ቤት ሁለት ነገር አገኘ። ፊተኛው ነገር፥ አብሮት ይማር የነበረ አንድ ጐልማሳ ስለ ክርስቶስ እየነገረው ሕያው እምነት ማግኘቱ ነው። ሁለተኛውም፥ በጌታው መጻሕፍት መካከል ከነበረ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ውስጥ የማያውቀውን የግሪክ ፊደል ማየቱ ነው። ፊደሉን እየገለበጠ ወስዶ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን በመስፊያው አጠገብ ዘርግቶ፥ በእጁ ቆዳ እየሰፋ በዓይኑ ቃል እያጠና፥ ላቲንን፥ ግሪክን፥ ዕብራይስጥን፥ እንደዚሁም የሆላንድንና የፈረንሳይን ቋንቋ ተማረ። ትልቅ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ገንዘብም አልነበረውም። የነበረው በየቀኑ የሚተርፍ ጥቂት ሰዓት ነው፤ እርሱንም አላባከነም።

አግብቶ ልጆች ከወለደ በኋላ በሞልተን መንደር ሰባኪና አስተማሪ ሆነ፤ ደመወዙ ስለማይበቃው ጫማ መስፋቱንም አልተወም። በዚያን ጊዜ ካፒቴን ኩክ የተባለ መርከበኛ በሩቅ ባሕር ያየውን የሚናገር መጽሐፍ አነበበ። በቤቱም ግድግዳ ላይ በእጁ የሠራውን የዓለም ካርታ ሰቀለ፤ በየአገሩ ሥዕል ላይም የሕዝቡን ብዛትና ሃይማኖት ጻፈበት። እነሆ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ብዙ ሰው ስለ ዓለም መዳን በጸሎቱ ያስባል፤ ኬሪ ግን አሳቡን በቍጥርና በስም ለይቶ በየቀኑ በሚያየው ቦታ ጻፈው። ያልተጻፈ አሳብ እንደ ጢስ ነው፤ ነፋስ በመጣ ጊዜ ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም።

በ1792 ዓመት ክርስቲያኖች ወንጌልን ለአሕዛብ ለማድረስ ግዴታ እንዳለባቸው የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኬተሪንግ ከተማ፥ ጥቂት ድኾች ሰባኪዎች በአንዲት ሴት ቤት ተሰብስበው የባፕቲስት ሚሲዮን ማኅበርን መሠረቱ፤ በዚያች ሌሊት ለመስጠት ቃል የገቡት ገንዘብ ሁሉ 13 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ብቻ ነበር። በሚመጣው ዓመት በ1793 ኬሪ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ህንድ አገር ተሳፈረ፤ አምስት ወር ያህል በባሕር ላይ ተጕዞ በኖቬምበር ወር ካልካታ ደረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ከመንፈቅ ሲኖር የተወለደበትን አገር ተመልሶ አላየም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ መራሮች ነበሩ። ገንዘባቸው ወዲያው አለቀ። የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም ሚሲዮናውያን በግዛቱ እንዲሠሩ አይወድም ነበር። ኬሪ ልጆቹን ይመግብ ዘንድ በሙድናባቲ፥ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ከተክል በሚወጣበት ፋብሪካ ሹም ሆኖ ሠራ። በ1794 ዓመት ጴጥሮስ የተባለ የአምስት ዓመት ልጁ በተቅማጥ በሽታ ሞተ። እናቱ ዶሮቲም ከዚህ ኀዘን በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 ዓመት እስክትሞት ድረስም አልዳነችም።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም እንበል። ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፉ ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቃል ያልፉታል፤ እኛ ግን እንዲታለፍ አንወድም። ዶሮቲ ወደ ህንድ ለመሄድ ፊት እምቢ ብላ ነበረች፤ ኋላ ሰዎች ለምነዋት እሺ አለች። የባልዋን ዓላማ እርስዋ አልመረጠችውም፤ ከሸክሙ ግን ትልቁን ክፍል ተሸከመች። ኬሪ በሕመምዋ ጊዜ ከቤቱ አላወጣትም፤ ወደ እብዶች ቤት እንዲሰዳት ሲመክሩትም አልሰማም። ነገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ይለየው ነበር፤ ልጆቹም የሚገሥጻቸው አጥተው በዱርየነት እስኪያድጉ ደርሰው፥ ኋላ የጓደኛው ሚስት ወይዘሮ ማርሽማንና ዋርድ የተባለው ባልንጀራው ሰብስበው አሳደጓቸው። እንግዲህ አንተ ዓላማ ስታቆም፥ ዋጋውን የሚከፍል ማን እንደ ሆነ አስቀድመህ አስብ። ተማሪ ሆነህ ሌሊት ስታነብ የመብራቱን ዘይት የሚገዛ ማን ነው? ነጋዴ ሆነህ ማለዳ ስትወጣ ልጆችህን የሚጠብቅ ማን ነው? ዓላማህን ከእርሱ ጋራ ተማከርበት፤ ድካሙንም አክብርለት። የቤት ሰዎችን ረግጦ የሚሄድ ትጋት ክርስቲያናዊ ትጋት አይደለም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኬሪ በፋብሪካው ሳለ የቤንጋልን ቋንቋ ተምሮ ሐዲስ ኪዳንን መተርጐም ጀመረ። ረቂቁን ጽፎ ካረመው በኋላ ደግሞ አረመው፤ ለአገሩ ሰዎች እያነበበ የማይገባቸውን ቃል ለወጠ። በ1798 ዓመት ከእንጨት የተሠራ የማተሚያ መኪና ገዛ፤ የመንደሩም ሰዎች የፈረንጆች ጣዖት መስሎአቸው ነበር ይባላል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰብክ ከአገሩ ሰዎች አንድ እንኳ አልተጠመቀም። አንባቢ ሆይ፥ ሰባት ዓመት! እኛ በሰባት ሳምንት ፍሬ ካላየን አምላክ ሥራውን አልወደደውም እንላለን። በ1800 ዓመት የዴንማርክ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ሴራምፖር ሄዶ ከማርሽማንና ከዋርድ ጋራ በአንድነት መኖር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር 28 ቀን ክሪሽና ፓል የተባለ አናጢ በወንዝ ተጠመቀ። በሚመጣው ዓመት በ1801 በቤንጋልኛ የታተመው ሐዲስ ኪዳን ወጣ።

ምናልባት ይህ ሰው ቀኑን እንዴት ያውለው ነበር ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። በ1806 ዓመት የአንዱን ቀን ሥራውን ለወዳጁ በደብዳቤ ስለ ገለጠ እናውቃለን። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጕዳይ ሲሆን ተነሥቶ ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ አነበበ፤ እስከ አንድ ሰዓትም ጸለየ። ከዚያ ከቤት ሰዎች ጋራ በቤንጋልኛ ጸሎት አደረገ፤ ሻይ እስኪቀዳ ድረስ ከፋርስ ቋንቋ መምህሩ ጋራ አነበበ። ከቁርስ በኋላ ከሳንስክሪት ሊቅ ጋራ ተቀምጦ ተረጐመ። በአራት ሰዓት ወደ ፎርት ዊልያም ኮሌጅ ሄዶ እስከ ሰባትና ስምንት ሰዓት መካከል አስተማረ። ተመልሶም ከማተሚያ ቤት የመጣውን የትንቢተ ኤርምያስን ወረቀት አረመ፤ ደግሞ የማቴዎስን ወንጌል ወደ ሳንስክሪት ሲመልስ ዋለ። በማታ የቴሉጉን ቋንቋ ከመምህር ተማረ፥ ከዚያም ሰበከ፤ ከስብከቱ በኋላ እስከ አምስት ሰዓት ሌሊት ትንቢተ ሕዝቅኤልን ተረጐመ። በመጨረሻም ያንን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከግሪኩ ሐዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ አንብቦ ተኛ።

ይህን የነገርንህ አንተም እንዲሁ አድርግ ልንልህ አይደለም፤ የሰው ኀይል ልዩ ልዩ ነውና። ነገር ግን ቀኑ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ተመልከት። ኬሪ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን ሁሉ እተረጕማለሁ አላለም፤ ለሰዓቱ የተመደበውን ጥቂት ክፍል ብቻ ሠራ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህንን ነው። ደግሞም ብቻውን አልሠራም፤ በአጠገቡ የህንድ ሊቃውንት፥ በሕትመቱ ዋርድ፥ በትምህርት ቤቱ ማርሽማን ነበሩለት። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሲደክም ተቀምጦ ይቀራል፤ የሚጠብቀው ባልንጀራ ያለው ግን ስለ ባልንጀራው ብሎ ይነሣል።

እንግዲህ ትልቁን ፈተና ስማ። በማርች 11 ቀን 1812 ዓመት ማታ የሴራምፖር ማተሚያ ቤት በእሳት ተያያዘ። ኬሪ በካልካታ ነበረ፤ በማግሥቱ ማርሽማን መጥቶ ነገረው። የብዙ ቋንቋ የእርሳስ ፊደል ቀልጦ ነበር፤ ከእንግሊዝ የመጣው ወረቀት ሁሉ አመድ ሆነ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የእጅ ጽሑፉ ነበር። ብዙ ዓመት የደከመበት የህንድ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት፥ የሰዋስው መጻሕፍት፥ የቅዱሳት መጻሕፍትም ትርጕም ግልባጭ የሌላቸው ስለ ነበሩ በአንዲት ሌሊት ጠፉ። ገንዘቡ ብቻ ሲገመት ወደ 10,000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር።

ኬሪ ፍርስራሹን ባየ ጊዜ እንባው በዓይኑ ሞላ። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው እሑድ ከመዝሙር 46 ስለ እግዚአብሔር ገዥነትና ስለ ሰው ዝምታ ሰበከ። ባልንጀሮቹም በአመዱ ውስጥ ፈልገው ፊደል የሚቀረጽበትን የብረት ማኅተም አገኙ፤ የማተሚያ መኪናዎቹም ተርፈው ነበር። ሳይዘገዩ የቀለጠውን እርሳስ ሰብስበው እንደ ገና ፊደል ማፍሰስ ጀመሩ። ኬሪም ሁለተኛ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ከፊተኛው ይቀልላል፥ ሥራውም ከቀድሞው የተሻለ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና፤ የጠፋውንም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንደ ገና ጻፈ። ወሬው እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ የብዙ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የጠፋውን ኪሣራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መለሱ። ሥራውም ከእሳቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ሰፋ።

ስለ ሌላው ዓላማው ደግሞ እንናገር። በ1799 ዓመት በወንዝ ዳር ሲሄድ፥ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ከባልዋ ሬሳ ጋራ በሕይወትዋ ስትቃጠል አየ። ይከለክል ዘንድ ለመነ፥ ተከራከረም፤ ግን የሚሰማው አላገኘም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ልማድ እስኪቀር ድረስ ዝም እንዳይል በልቡ ቈረጠ። የሞቱትን ሴቶች ቍጥር አስመረመረ፤ ከሊቃውንቱ ጋራ የህንድን መጻሕፍት ፈተሸ፤ ለገዥዎቹም አመለከተ። እንደ ራም ሞሃን ሮይ ያሉ የአገሩ ታላላቅ ሰዎችም ይህን ልማድ ተቃወሙ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በዲሴምበር 4 ቀን 1829 አገረ ገዥው ሎርድ ቤንቲንክ ልማዱን የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ ወደ ቤንጋልኛ እንዲመለስ ወደ ኬሪ በተላከ ጊዜ ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሊሰብክም ተዘጋጅቶ ነበር። እርሱ ግን በአንድ ሰዓት መዘግየት አንዲት ነፍስ ትጠፋ ይሆናል ብሎ ስብከቱን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ከሊቁ ጋራ ተቀምጦ እስከ ማታ ጨረሰው። ሠላሳ ዓመት የታገሠ ሰው በመጨረሻው ቀን አንድ ሰዓት አልታገሠም። ትዕግሥት ማለት ቸልታ እንዳይመስልህ።

ኬሪ በሸመገለ ጊዜ መከራ አልተወውም። በ1823 ዓመት ብርቱ ጐርፍ ብዙ ዓመት የደከመበትን የአትክልት ቦታውን አጠፋው፤ እርሱም እንደ ገና ተከለ። በ1818 ዓመት ከባልንጀሮቹ ጋራ የሴራምፖርን ኮሌጅ መሠረተ። እስኪሞት ድረስ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በስድስት የህንድ ቋንቋዎች፥ ከፊሉንም በብዙ ሌሎች ቋንቋዎች እንዲወጣ አደረገ። ከእነዚህ ትርጕሞች አንዳንዶቹ ጕድለት ስለ ነበረባቸው ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች አርመዋቸዋል፤ ግን የሚታረም ነገር የተገኘው እርሱ ስለ ጀመረው ነው። በጁን 9 ቀን 1834 በሰባ ሁለት ዓመቱ ሞተ። በመቃብሩ ላይ ከስሙና ከዘመኑ በቀር፥ ራሱን እንደ ድኻና ረዳት እንደሌለው ትል ቈጥሮ በአምላኩ ክንድ ላይ የሚወድቅ መሆኑን የሚናገር አጭር የመዝሙር ቃል ብቻ እንዲጻፍ አዘዘ።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። የኬሪን የትርጕም ሥራ በገንዘብ ይረዳ የነበረው፥ በ1804 ዓመት በለንደን የተመሠረተው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር፥ የአማርኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመ ነው። የዚያም ትርጕም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ከተማ ከፈረንሳዩ ቈንስል ከአስሊን ጋራ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻ፥ ደጅ ተዘግቶ እንግዳ ሳይገባ እየተቀመጠ፥ በዐሥር ዓመት መጽሐፉን ሁሉ ወደ አማርኛ መለሰ። ጽሑፉን በ1820 ዓመት ማኅበሩ ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ታተመ። በሳምንት ሁለት ቀን! ይህን ያህል ቀን የሌለው ሰው ማን ነው?

እንግዲህ፥ ውድ አንባቢ፥ ከዚህ ታሪክ ለራስህ ኑሮ የሚሆነውን ውሰድ።

ፊተኛው፥ ብዙ አታስብ፤ አንዱን ምረጥ፥ እርሱንም በወረቀት ጽፈህ በምታየው ቦታ አኑር። ጥሩ ሰው እሆናለሁ የሚል አሳብ አይመዘንም፤ በየወሩ ለዕዳዬ ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ የሚል አሳብ ግን ይመዘናል።

ሁለተኛው፥ ዓመቱን በቀን ክፈለው። የመጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች አሉአቸው። በሥራ ቀን ሦስት፥ በእሑድ አምስት ምዕራፍ የሚያነብ ሰው በአንድ ዓመት ይፈጽማቸዋል። በአንድ ጊዜ ሃምሳ ምዕራፍ አንብቦ ወር የሚያርፍ ሰው ግን አይፈጽማቸውም።

ሦስተኛው፥ የወደቅህበትን ቀን የመጨረሻ ቀን አታድርገው። ሦስት ቀን ሳታነብ ብታልፍ በአራተኛው ቀን አንብብ፤ ለመጠጥ ቤት ጓደኛህ አንድ ማታ ብትሸነፍ በማግሥቱ ተነሣ። ዓመቱ ተበላሸ ብለህ እስከ መስከረም አትቈይ። ማተሚያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መስከረምን አልጠበቀም።

አራተኛው፥ አሳብህን ለአንድ ታማኝ ወዳጅ ንገር፤ በየሳምንቱም ይጠይቅህ ዘንድ ለምነው። ስለ አሳብህም የሚደክሙትን የቤትህን ሰዎች አትርሳ።

አምስተኛውና የሁሉ ራስ፥ ኀይሉን ከራስህ አትፈልገው። እንደ ኬሪ ማለዳ ከሥራ በፊት ጸልይ። ስሜትህ የሚነሣበት ቀን አለ፥ የሚወድቅበትም ቀን አለ፤ እግዚአብሔር ግን በሁለቱም ቀን ያው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቲያንን በሩጫ ሜዳ እንዳለ ሯጭ የመሰለው በከንቱ አይደለም፤ በሩጫ ሜዳ ብዙዎች ይጀምራሉና።

አሁን መጽሐፉን ዘግተህ ከመሄድህ በፊት ወረቀትና ብርዕ አንሣ፤ ነገ ጧት የምትሠራውን አንድ ትንሽ ነገር ጻፍ። ከነገ ወዲያ ስለሚሆነው ነገ ማታ ታስባለህ። የጀመርኸውን መልካም ሥራ ትፈጽም ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳህ። አሜን።